ሦስተኛው ሳጥን

አጎቴን ባስታወስኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ ፊቱ አይደለም፤ አፍንጫው ነው፤ ያውም በማያውቀው ሰው ኮት ብብት ውስጥ ተወትፎ። ኮቱን ገና ትኩስ እያለ ከማሽኑ ሆድ ጎትቶ ያወጣዋል። እጅጌውን ወደ ላይ ያነሣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፍንጫውን ብብቱ ላይ ይደፍናል፣ ከዚያ በረጅሙ ይስባል። ወይ "አልቋል" ይላል፤ ወይ ፊቱን እንደ ተጨመቀ ጨርቅ አኮማትሮ ኮቱን ወደ ማሽኑ ይመልሰዋል። ለዓመታት ያየሁት ነገር ነው። አንድም ቀን ሳይዘገንነኝ አይቼው አላውቅም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ላውንደሪ ነበረው፤ ከፊት ልብስ መቀበያ፣ ከኋላ የማሽን ክፍል ያለው ጠባብ ሱቅ። ደንበኞቹ "ጋሽ አፍንጫ" ይሉታል፤ እሱም ይሰማል፣ አይከፋም። እንዲያውም ይኮራበታል ብል ይቀለኛል።

የሚሠራው ደረቅ እጥበት የሚባለውን ነው። ልብሱ ውሃ አይነካውም። ማሽኑ ውስጥ በኬሚካል ፈሳሽ ይታሻል፣ ቀጥሎ ሙቅ አየር ይነፋበትና ፈሳሹ ይወጣል። ፈሳሹ ሽታው ጣፋጭ ነው። የሚያስጠላውም ለዚህ ነው፤ መርዝ ሊያታልል ሲፈልግ እንዴት እንደሚሸት ያሳያል። ኮት ላይ መጨረሻ የሚደርቀው ብብቱና የትከሻው ስፖንጅ ነው። እዚያ ውስጥ ፈሳሽ ከቀረ ደንበኛው ኮቱን ለብሶ ስብሰባ ሲቀመጥ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ማሽኑ ማድረቁን ሲጨርስ ራሱ ይጮኻል፤ አጎቴ ግን ጩኸቱን አይጠብቅም። ቀደም ብሎ በሩን ከፍቶ በአፍንጫው ይለካል።

"ጋሼ፣ ማሽኑ ይጨርስ እንጂ" ስለው፣

"ማሽን ምን ያውቃል? አፍንጫ የለው" ይለኛል።

የሚገርመው ነገር እንደ እሱ የሚጸየፍ ሰው አልገጠመኝም። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ሞተህ ተገኝ ቢሉት አይጠጣም። ግብዣ ሲሄድ የራሱን የቆርቆሮ ኩባያ በኪሱ ይዞ ነው። የአውቶቡስ መያዣ በመሐረብ ነው የሚጨብጠው። የሰላምታ እጅ ከሰጠ በኋላ እጁን ሱሪው ላይ በስውር ይጠርጋል፤ ስውር የመሰለው ለእሱ ብቻ ነው። የሰውን ልጅ በሙሉ በልብሱ በኩል ስለሚያውቀው አይወደውም ነበር። "የሰው ልጅ አንገቱ ድረስ ነው ሰው፤ ከዚያ በታች አተላ ነው" ይላል ሸሚዝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

አተላውን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፈሳሹ ልብስ አጥቦ ሲቆሽሽ አይደፋም፤ ከማሽኑ ጀርባ ባለ ገንዳ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። የማይተነው ነገር ገንዳው ሥር ይቀራል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚዘረጋ ነገር ነው። የከተማው ሰው ላብ፣ የአንገት ቅባት፣ የራስ ፀጉር፣ ፎረፎር፣ የሊፕስቲክ ፍርፋሪ፣ አቧራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ቀልጦ። አጎቴ ገንዳውን ከፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ባለ ረጅም እጀታ በሆነ መፋቂያ ይፍቀዋል፤ ትኩስ እያለ፣ ምክንያቱም ከቀዘቀዘ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። እንፋሎቱ ፊቱን ያጥበዋል። አንድ ጊዜ ከበሩ ላይ ቆሜ አይቼ ቁርሴን መንገድ ዳር አስታውኬዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ስለነበር ከሱቁ በላይ ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንዷ እኖር ነበር፤ በሌላኛዋ አጎቴና ልጁ ይኖራሉ። ያ ጣፋጭ ሽታ በወለሉ ጣውላ መሐል እየሾለከ ትራሴ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሴን ፈለጠኝ። ከዚያ ለመድኩት። መልመዴን ሳስበው አሁንም ይቀፈኛል።

የአጎቴ ልጅ "ትንሿ" ነበር የምትባለው፤ ከአባቷ በጭንቅላት ትረዝማለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ፊት ለፊት ቆማ ልብስ የምትቀበለው እሷ ናት። ሥራውን በሙሉ መማር ትፈልጋለች። አባቷ ግን ከመቀበያው ወደ ኋላ አያሳልፋትም።

"አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? የሰው ቆሻሻ ነው።"

"ታዲያ አንተ ሰው አይደለህም እንዴ አባዬ?"

"እኔ ተበላሽቻለሁ፤ ተይኝ።"

በቀልድ ነበር የሚላት።

የማሽኑ ክፍል የጀርባ መስኮት ላይ አየር ማስወጫ ማራገቢያ አለ፤ ነበር ማለት ይሻላል። ከመስኮቱ ውጪ ቆሻሻ የሚጣልበት ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ ማራገቢያው ሲቆም አቧራና ዝንብ በቀዳዳው ይገባል። አንድ ቀን አጎቴ በነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ የዝንብ ኩስ አገኘ። እንደ ሬሳ ገርጥቶ ወጣ። በማግስቱ ማንም ሳይወስደው የቀረ የፍላኔል ሸሚዝ ጠቅልሎ ቀዳዳው ውስጥ ጎሰጎሰው፤ የማራገቢያውን ሽቦም ነቀለው። ዝንብ ቀረ። አየሩም አብሮ ቀረ።

ለጥንቃቄ አንድ ነገር ብቻ ያደርግ ነበር፤ አተላውን ሲፍቅ አፍንጫና አፉን የሚሸፍን ወፍራም ጭንብል ያጠልቃል። ማሽኑን የሸጡለት ሰዎች ሰጥተውት ነው። የዶክተሩ ነጭ ጋውኖች የመጡት እንግዲህ ጭንብሉን ማጥለቁን ገና ሳይተው ነው።

ዶክተር ስል ሐኪም ማለቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ አይጥ ላይ ምርምር የሚሠራ፣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ጋውኖቹን በፌስታል ይዞ መጣ። አጎቴ አንዱን በጣቱ ጫፍ አወጣ፣ አሸተተ፣ ወዲያው መልሶ ጣለው።

"ምንድን ነው ይሄ? ሽንት ነው?"

"የአይጥ ነው ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"የአይጥ! ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ አይጥ ታቅፈህ ትውላለህ?"

"ጉበታቸውን ነው የማጠናው።"

"አሟቸው ነው?"

"የምናሳምማቸው እኛ ነን።"

"ታዲያ በምንህ ነው ዶክተር የምትባለው?"

ትንሿ ከመቀበያው ጀርባ ሳቋ አመለጣት። ሰውየውም ሳቀ፤ የሚስቅ ሰው ስላገኘ ደስ ያለው ይመስል ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማውራት ጀመረ።

"ሦስት ሳጥን አይጥ አለኝ ጋሼ። የመጀመሪያዎቹን መርዝ እንሰጣቸዋለን። የሚገርምዎት፣ መርዙ ድሮ በእናንተ ሥራ ልብስ የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። አሁን አይሠራበትም፤ የእርስዎ የዛሬው ግን የአጎቱ ልጅ ይበሉት።"

አጎቴ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። "እና አይጦቹ ላውንደሪ ተቀጥረዋል በለኛ!"

"እንደዚያ ነው። ከዚያ ጉበታቸውን ስናየው ያበጠ፣ የገረጣ፣ እንደ ቆየ ቅቤ የሆነ ነው። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ያሉትን ግን ከመርዙ በፊት የመራራ ቅጠል ጭማቂ ለቀናት እናጠጣቸዋለን። መርዙን ያንኑ ያህል ይወስዳሉ፤ ጉበታቸው ግን ከመጀመሪያዎቹ በጣም የተሻለ ነው።"

"ቅጠሉ ምን አድርጎ?"

"ቅጠል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል የማይበላሸው ራሱን የሚጠብቅበት ነገር ስለሚሠራ ነው። ፀረ-ኦክሲዳንት እንለዋለን። ፈሳሹ ጉበት ሲገባ እንደ እብድ ውሻ የሚናከስ ነገር ይሆናል። አንዱን ሕዋስ ይነክሳል፣ የተነከሰው ደግሞ ጎረቤቱን ይነክሳል። ከቅጠሉ የመጣው ነገር መሐል ገብቶ ንክሻውን በራሱ ላይ ይቀበላል። ንክሻው እዚያ ይቆማል።"

ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ደነገጠ፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁት ነው፣ "ለሳምንት እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። ስለ ሦስተኛው ሳጥን ምንም አላለም። አጎቴም አልጠየቀም። ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ "ንክሻውን በራሱ ላይ ይቀበላል" ሲል ሰማሁት፤ አዲስ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

ከዚያን ቀን በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ጣዕሙ ምላሴ ላይ ይመጣብኛል። አጎቴ መራራ ቅጠሉን ከገበያ በጆንያ አስመጣ። ቆስጣ ጨመረበት፣ የቀይ ሥር ቅጠል ጨመረበት፣ እርድ ነሰነሰበት። ትንሿ ጠዋት ጠዋት ትፈጭለታለች። መፍጫው ሲዞር የሚወጣው ድምፅ ሳይቀር የሚያጓራ ነገር ነበር። የሚቀዳው ከላይ ግራጫ አረፋ የተኮፈሰ፣ ከሥር ዝቃጭ የተኛበት፣ ማንኪያ ሲነከርበት እንደ ንፍጥ የሚከተል ነገር ነው፤ ሽታው ከብት የጠጣበት ኩሬ ዳር ሽታ ነው። "ቅመስ" አለኝ አንዴ። ቀመስኩ። ቀኑን ሙሉ በየሰሌዳው ስር ግሳት እየዋጥኩ አስተማርኩ።

እሱ ደግሞ ሲጠጣ ምን ያደርጋል? አፍንጫውን ይይዛል። ያንን ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ብብት መርዝ የሚስብ አፍንጫ፣ ለቅጠል ጊዜ በሁለት ጣቱ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ጭልጥ አድርጎ ይጨርስና ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በድል ያያችኋል።

ጭንብሉ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ አልወረደም።

"ጋሼ፣ ጭንብልህስ?"

"ጠጥቼዋለሁ" አለ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። "ከውጪ ምን ይሠራልኛል? ከውስጥ ለብሻለሁ።"

ማሽኑንም ከድሮው ቀደም ብሎ መክፈት ጀመረ። ገንዳውን ይበልጥ ትኩስ እያለ። ብብቱን ረዘም አድርጎ መሳብ። በፊት ይፈራ የነበረውን ያህል እንኳ አልፈራም። ቅጠሉን ባይጠጣ ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። የጠላሁት ቅጠሉን አይደለም። ደህና ነገር በሰው እጅ ገብቶ ለመጥፎ ነገር ፈቃድ ሲሆን ማየት ነው።

ዶክተሩ ለሳምንት እመጣለሁ ያለው ሳይሆን ቀረ። ጋውኖቹን የሚያመጣና የሚወስድ ሌላ ሰው ላከ። ክረምቱም አለፈ።

ቢጫውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አጎቴ አንድ ነጭ ሸሚዝ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ፊቱ አጠገብ ይዞ ይመረምራል። ሸሚዙ ነጭ፣ የዓይኑ ነጭ ግን እርድ እንደ ነካው ጨርቅ።

"ጋሼ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል።"

ወደ መስታወት አልዞረም። ሸሚዙን አየና ከንፈሩን ጣለ። "ሸሚዙ ነው ያልነጣው" አለ፤ ድጋሚ እንዲታጠብ ወረወረው።

ከዚያ ምግብ አስጠላው። የቅባት ሽታ ሲሸተው ተነሥቶ ይወጣል። ገላውን ያሳክከዋል፣ ሲያክ በጥፍሩ ክንዱን ያቆስላል። ከሰዓት በኋላ ልብስ ክምር ላይ ጋደም ይላል፤ እሱ፣ የሰው ሸሚዝ በሁለት ጣቱ የሚያንጠለጥለው ሰው። እኔና ትንሿ እየጎተትን ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች።

"መጠጥ ይጠጣሉ አባቴ?"

"ሰው በጠጣበት ብርጭቆ? እኔ?"

"አይ ማለትዎ ነው። ሥራዎስ?"

ሲነግራት መጻፏን አቆመች። ክፍሉ መስኮት አለው ወይ፣ ጭንብል ያደርጋሉ ወይ፣ በቀን ስንት ጊዜ ያሸትታሉ ብላ ጠየቀችው። "ያሸትታሉ ማለት?" ብላ ደግሞ ጠየቀች፤ አሳያት። የራሷን ነጭ ካፖርት እጅጌ በምናቡ አንሥቶ ብብቷ አጠገብ አፍንጫውን ሲያስጠጋ ሴትየዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

"እሺ፣ ገባኝ፣ በቃ" አለች። "ይስሙኝ። ጉበትዎ ተቆጥቷል፣ ገና ግን አልደነደነም። ጉበት ደግ ነው፤ ከሚጎዳው ነገር ካራቁት ራሱን ይጠግናል። ካላራቁት ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ሲደራረብ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም። ከዚያ ፈሳሽ ይራቁ።"

"ጭማቂ እጠጣለሁ እኮ" አለና ስለ አይጦቹ ነገራት።

"አትክልት ጥሩ ነው። በሳህን ይብሉት፣ እንደ ሰው። በጆግ የሚጠጣው ደግሞ ምን ምን ቅጠል እንዳለበት አላውቅም፤ ሲበዛ ራሱ ጉበት የሚያስቸግር ቅጠል አለ፣ ለጊዜው ያቁሙት። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ወንዝ ውስጥ ቆመው ጃንጥላ ቢዘረጉ ምን ይጠቅምዎታል?"

ወደ ቤት ተመለስን። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ "ጃንጥላ አለች!" ብሎ ምራቁን ተፋ። በማግስቱ ጠዋት መፍጫው ያጓራ ነበር። ማሽኑም ይዞር ነበር።

ያን ጊዜ በእሱ ላይ የነበረኝ ስሜት ሐዘን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ቢጫ ዓይን፣ አረንጓዴ ከንፈር፣ በትኩስ ኮት ውስጥ የሚነፋነፍ አፍንጫ። እያየሁት ምግቤን መጨረስ አቃተኝ፣ ሳህኔን ይዤ ወደ ክፍሌ እገባ ነበር።

ዶክተሩ ራሱ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከሌላ ከተማ ተመልሶ። አጎቴን እንዳየው ፌስታሉን ረስቶ ቆመ።

"ምን ሆነዋል ጋሼ?"

"ምንም። ያንተን ቅጠል እየጠጣሁ ነው።"

ትንሿ ሁሉንም ነገረችው፤ ጭንብሉን፣ ቀዳዳውን፣ ሐኪሟን። ሰውየው እየሰማ ፊቱ ተቀያየረ። መቀበያው ላይ በሁለት እጁ ተደገፈ።

"ጋሼ፣ ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ነግሬዎታለሁ?"

"አልነገርከኝም።"

"እነሱ መርዝ አልወሰዱም። ቅጠልም አልጠጡም። ውሃና እህል ብቻ። የእነሱን ጉበት ቢያዩት፣ ጥቁር ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ልስልስ ያለ። የሁለተኛዎቹ ተሻለ ያልኩዎት ከመጀመሪያዎቹ ጋር አስተያይቼ ነው። ሦስተኛዎቹን የሚያክል አንድም አላየሁም። ደግሞም አይጥ ናቸው ጋሼ፤ ጥቂት ቀን ነው የያዝናቸው። እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው እዚህ?"

አጎቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያመነ መሰለኝ። ከዚያ በአፍንጫው ሳቀ።

"እነሱማ ምን አለባቸው! ሥራ ፈቶች ናቸው። ሥራ የሌለው አይጥ ጉበቱ ባያምር ነው የሚገርመኝ። እኔ ሠራተኛ ነኝ ዶክተር።"

ዶክተሩ አልሳቀም። ጋውኖቹን አልሰጠም፣ ፌስታሉን መልሶ ይዞት ወጣ። ትንሿ ከንፈሯን ነክሳ መዝጊያውን ታይ ነበር።

ያ ሳምንት ሳያልቅ አጎቴ ከአልጋ መነሣት አቃተው። ያስታውካል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ያስታውካል። እናም ሱቁ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። ሦስት ወይ አራት ቀን ሆኖት ይሆናል፤ ትምህርት ቤት አልነበረም፣ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከሥር ማሽኑ ሲዞር ሰማን። ያ ጣፋጭ ሽታ በጣውላው መሐል ወጣ።

አጎቴ ዓይኑን ገለጠ። "ማነው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ።"

ልቁም አለ። ደገፍኩት። ደረጃውን በአንድ እጁ መደገፊያውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዞ ወረደ፤ መደገፊያውን ያለ መሐረብ። የማሽኑ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር።

ትንሿ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። የማሽኑን በር ከፈተች፤ ጩኸቱ ገና አልተሰማም ነበር። አንድ ትልቅ ጥቁር ኮት ጎትታ አወጣች፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ወጣ። እጅጌውን ወደ ላይ አነሣች። ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋን ብብቱ ላይ ደፍና በረጅሙ ሳበች። አንገቷን የምታዘነብልበት አኳኋን፣ ትከሻዋ ከፍ የሚልበት፣ ልክ እሱ። ማሽኑ ላይ የቆርቆሮ ኩባያው ተቀምጧል፣ ግማሹ ተጠጥቷል። የላይ ከንፈሯ ላይ አረንጓዴ አረፋ ደርቋል።

"አልቋል" አለች ለራሷ።

አጎቴ ቋቅ አለው። በሩን ይዞ ጎንበስ አለ፤ የሚወጣ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ አልነበረም። እሷ ደንግጣ ዞረች።

"አባዬ! ለምን ተነሣህ?"

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ደንበኞቹ እየተመላለሱ ተሳደቡ። የሰው ልብስ ስንት ቀን ይቀመጥ?"

"አፍንጫሽን ነው የምልሽ! ማን አስተማረሽ?"

"ማንም አላስተማረኝም። ስታደርግ እያየሁ አይደል ያደግሁት?"

"ራስሽን አያምሽም?"

"ትንሽ" አለች፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ እያበሰች። ከዚያ ልታጽናናው ፈልጋ ፈገግ አለች። "አታስብ፣ ቅጠሉን ጠጥቻለሁ።"

አጎቴ ፊት ላይ ያን ቀን ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። በሕይወቱ ሙሉ ሰዎችን ሲጸየፍ ነው የማውቀው፤ ያን ቀን ግን ኮቱን ትቶ፣ ማሽኑን ትቶ፣ የራሱን እጅ ነበር የሚያየው። ወደ ማሽኑ ሄደ። ኩባያውን አነሣ። የእሷ ከንፈር የነካውን ጠርዝ በባዶ እጁ ይዞ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው፤ ዝቃጩ አልወርድ ብሎ ቀዳዳው ላይ ተንደፋደፈ። ማብሪያውን አጠፋ። በርጩማ ስቦ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ልያዝህ ስለው በክርኑ ገፋኝ። በርጩማው ላይ ወጣና የተጎሰጎሰውን ሸሚዝ ጨብጦ ጎተተው። ሸሚዙ አልወጣም አለ። እንደ ጥርስ ተነቀለ። ጥቁር፣ የሻገተ፣ የሞቱ ዝንቦች የተጣበቁበት፣ ከአተላው የባሰ ነገር ነበር። ወለሉ ላይ ሲወድቅ ብናኝ አስነሣ። በቀዳዳው የመተላለፊያው አየር ገባ፤ የቆሻሻ ሽታ ያለው፣ ቀዝቃዛ አየር።

በርጩማው ላይ እንደ ቆመ አናገራት።

"ሰውየው ሦስት ሳጥን አለኝ አላለም?"

"ብሏል።"

"እኔ ከሁለተኛው ነኝ። ያም ከተሳካልኝ። አንቺን ግን እዚያ አላስገባሽም። ውጪ።"

"አባዬ፣ ሥራውስ?"

"ውጪ አልኩሽ! ፊትሽን ታጠቢ፣ አፍሽን ታጠቢ፣ ደጅ ሄደሽ ቁሚ። አስጠላኸኝ።" የመጨረሻዋን ቃል ለማን እንዳላት አልጠየቅነውም፤ ሱቁ ውስጥ ወንድ የነበርነው እኔና እሱ ብቻ ነን፣ እኔን ግን አላየኝም።

ደንበኞቹ ያልታጠበ ልብሳቸውን እየተሳደቡ ወሰዱ። ማሽኑን የሸጡለት ሰዎች መጥተው ከነፈሳሹና ከነአተላው ነቅለው ወሰዱት። ወለሉ ላይ ለብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን የሆነ ነጭ ቦታ ቀረ። አጎቴ ከወራት በኋላ ሲሻለው በቦታው ውሃና ሳሙና ገባ። ሱፍና ኮት የሚያመጣ ቀረ፤ አንሶላ፣ ሸሚዝ፣ የምግብ ቤት ጨርቅ መጣ። የዓይኑ ቢጫ ከጠርዝ ጀምሮ እየሳሳ ሄደ፤ ሐኪሟ ጥቂት ጠባሳ ቀርቷል፣ ከዚህ በላይ ግን አይሂድ አለችው። አልሄደም። ቆስጣ በሳህን ቀርቦለት እየተነጫነጨ የሚበላ ሽማግሌ ሆነ፤ "እንደ ሰው ብሉ ተባለ!" እያለ። ጉበቱ ሳይሆን ልቡ ነው በመጨረሻ የወሰደው፣ ያውም ብዙ ቆይቶ።

ሳሙናው ከገባ ወዲህ ዶክተሩ ጋውኖቹን እንደገና ማምጣት ጀምሮ ነበር። አጎቴ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ለብሶ ይቀበለዋል።

"አይጦችህ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው ጋሼ።"

"የትኞቹ?"

ሰውየው "ሦስተኛዎቹ" ይልና ወደ ትንሿ ያያል። እሷ በተከፈተው መስኮት ሥር አንሶላ ትተኩሳለች።

ሱቁ ዛሬ የእሷ ነው። ባለፈው ሄጄ ሸሚዜን ተቀበልኩ። አጣጥፋ ስትሰጠኝ እጄ በራሱ እጅጌውን አነሣና ወደ ፊቴ አስጠጋው፤ ከየት እንደ መጣብኝ አላውቅም። በማንጠልጠያ እጄን መታችኝ።

"ተው! ይቀፋል።"

የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው።